እማዬ በክር የለካችው ውል

ግንቦት 6

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው አሥራ ሁለት መርፌ ላይ ክር አስገብቼ፣ መሰኪያው ላይ ደርድሬላት ወጣሁ። አራት ነጭ፣ አራት ጥቁር፣ ሁለት ሰማያዊ፣ ሁለት ቡኒ። የእማዬ ዓይን ደክሟል። ስፌቱን በጣቷ ታየዋለች፤ ክር ማስገባት ነው ያቃታት። ይሄን ለደንበኞቿ መናገር ክልክል ነው። ዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ ስላት ደግሞ ወሬ ትቀይራለች። ልጇ ሐኪም ሆና እሷ ሐኪም ትፈራለች... ለማን አቤት ይባላል?

ዋርድ የተለመደው ግርግር። አሥራ አንድ ልጅ፣ ዘጠኝ አልጋ። ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። ልዘጋው ነበር እኮ!

«ዶክተር፣ ለቦታው መርጠንዎታል። ውሉን በፖስታ እንልክልዎታለን።»

የሕፃናት ሆስፒታሉ! ግድግዳው ላይ ቀጭኔ የተሳለበት። አራት ዓመት ሙሉ ለሥልጠና ስመላለስ በአውቶቡስ መስኮት የማየው። ከቤታችን ስምንት ፌርማታ።

ለእማዬ ስነግራት የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። እጅጌውን ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ከዛ ነው ቀና ያለችው።

«ስንት ፌርማታ አልሽ?»

«ስምንት።»

«እንግዲያው ምሳሽን እየመጣሽ እዚህ ትበያለሽ።»

በቃ። ደስታዋ ይቺ ናት። ቆይታ ግን ኩሽና ውስጥ ብቻዋን ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ግንቦት 9

ፖስታው መጣ። ሃያ ሦስት ገጽ። በሕይወቴ የመጀመሪያው የሥራ ውል። ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ስሜን ሦስት ጊዜ አነበብኩት... ሌላውን ቅዳሜ ረጋ ብዬ። ለጊዜው ከልጆቹ ፋይል ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ግንቦት 10

ዛሬ ራሴን በጥፊ ማጮል አማረኝ።

ስድስት ልጆች ድነው የሚወጡበት ቀን ነበር። የመውጫ ወረቀት ክምር ነው። እኔ ስፈርም ደግሞ ይታወቃል... ቆሜ፣ እየሄድኩ፣ አንዷ እናት ስለ ሽሮፕ እየጠየቀችኝ፣ አንዱ ልጅ ጋውኔን እየጎተተ። አራት ዓመት እንደዛ ነው የፈረምኩት። የመጨረሻውን ገጽ መግለጥ፣ ሁለት መስመር መጻፍ፣ መፈረም፣ ቀጣይ። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ይሠራል።

ከምሳ በኋላ ፖስታውን ብፈልግ የለም። ጠረጴዛው ሥር የለም። ቦርሳዬ ውስጥ የለም። ለካ መልእክተኛው የሚወጣውን ደብዳቤ ሁሉ ሰብስቦ ሄዷል። ልሮጥ ስል የዋርዱ ኃላፊ ሲስተር ጠሩኝ። ሁላችንም እንደ እናት የምንፈራቸው ሴትዮ ናቸው።

«ዶክተርዬ፣ ነይ እስቲ።» መሳቢያቸውን ከፈቱ። «ይሄ በሽተኛ የማን ነው?»

የኔ ውል። የመጨረሻው ገጽ። «ተዋዋይ ሐኪም» ከሚለው ሥር የኔ ፊርማ። ከፊርማው በላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ፦ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለክትትል ይመለስ።»

ክው አልኩ።

«መልእክተኛው ሊወስደው ሲል ነው የነጠቅኩት። እኔ ሳላነበው ከዚህ ጠረጴዛ የሚያልፍ ወረቀት የለም። አንቺ ግን እኔ ነኝ ያለች ሐኪም፣ ራስሽን አስተኝተሽ ራስሽን አስወጣሽ!»

እንዴት እንደሳቁ! የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር መጥታ አየችብኝ። ፊቴ ቲማቲም መሰለ። ከዛ ሲስተር ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉና ወረቀቱን እጄ ላይ አኖሩት።

«ውስጡ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«የልጅ መድኃኒት ሦስቴ የምታሰዪ ሰው፣ የራስሽን ነገር አንዴ እንኳ አታዪም?»

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ግንቦት 11

አነበብኩት። የእማዬ የሥራ ክፍል ውስጥ፣ ቁራጭ ጨርቅ መሀል ተቀምጬ። እንደ ልማዴ ከመጨረሻው ገጽ ጀመርኩ። የበሽተኛ ፋይል ሲሆን ማጠቃለያው እዛ ነው። ውል ግን ማጠቃለያ የለውም! ተመለስኩ፣ ከገጽ አንድ።

አንቀጽ ዘጠኝ፦ ሐኪሙ ሆስፒታሉ በሚጠይቀው መጠን ተረኛ ይሆናል። በሚጠይቀው መጠን? ለቃለ መጠይቅ ስሄድ ሜዲካል ዳይሬክተሩ «በወር ስድስት ዲዩቲ፣ ከዛ አይበልጥም» ብለውኝ ነበር። ስድስት የሚል ቁጥር ሃያ ሦስቱም ገጽ ላይ ፈለግኩ። ያገኘሁት የገጽና የአንቀጽ ቁጥሩን ብቻ ነው።

አንቀጽ አሥራ አራት፦ ሐኪሙ በማንኛውም ምክንያት ሥራውን ቢለቅ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ከሆስፒታሉ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በሕክምና ሙያ ሊሠራ አይችልም።

አራት ጊዜ አነበብኩት። ገና ሳልገባ ስለ መውጣቴ ያወራል!

ለረጅሙ ደወልኩ። አብሮኝ የሠለጠነ ጓደኛዬ ነው፤ በር ሲገባ ጎንበስ ስለሚል ረጅሙ እንለዋለን። እሱንም እዛው ነው የቀጠሩት።

«ውሉን ፈረምከው?»

«የመጣ ዕለት።»

«አንቀጽ አሥራ አራትን እንዴት አየኸው?»

«አሥራ አራት አለው እንዴ?»

አስቆኝ ሊገድለኝ። ኮስተር ስልበት ደግሞ «ኧረ ባክሽ፣ ለሁሉም የሚሰጥ ወረቀት ነው፣ ነገር አታብዢ» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ነው... ነገር አብዝቼ ይሆን?

ግንቦት 12

እማዬ ቁርስ ላይ፦ «ሠላሳ ኪሎ ሜትር ምን ያህል ነው?»

«ያን ያህል አይደለም።»

«'ያን ያህል አይደለም' የሚባል ሜትር አለ?»

ተነሳች። ከቁም ሳጥኑ ላይ የድሮውን ካርታ አወረደችና መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። ጥጉ እንዳይጠቀለል መቀስና የካውያውን ማስቀመጫ ጫነችበት። ከካርታው ሥር ያለውን መለኪያ እኔ አነበብኩላት፣ እሷ በክር ለካች። ሆስፒታሉ ላይ ስፒል ተከለች። የክሩን አንድ ጫፍ ስፒሉ ላይ አሰረች፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ የስፌት ጠመኔ። «ክሎሽ ቀሚስ እንዲህ ነው የሚቆረጠው» ብላ አዞረችው።

ካርታው አልበቃትም። በግራ በኩል ወጥታ ጠረጴዛው ላይ አዙራ መጣች።

ቤታችን ውስጥ ነው። የተማርኩበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። አሁን ያለሁበት ሆስፒታል፣ ሦስቱ ጤና ጣቢያዎች፣ የአክስቴ ቤት፣ አውሮፕላን ማረፊያው... ሁሉም ውስጥ። ከክቡ ውጪ የቀረችው የካርታዋ ጥግ ብቻ ናት።

«እዚህ ጋ ያለው ሰማያዊ ምንድን ነው?»

«ሐይቅ ነው እማዬ።»

ትንሽ አሰበችና «እንግዲህ ከተጣላሽ ዓሣ ታክሚያለሽ» አለች።

እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዛ ዓይኔ መርፌ መሰኪያው ላይ አረፈ። አንድ ቀን እዛ ሥራ ባይስማማኝ፣ ለሁለት ዓመት ከዚህ ቤት ርቄ መሄድ ነው። ጠዋት ጠዋት ክር ማን ያስገባላታል? ከሷ ሌላ ማን አለኝ? ፈራሁ። እውነቱን ለመጻፍ፣ በጣም ነው የፈራሁት።

ግንቦት 14

ዛሬ የሕግ ምክር አገኘሁ። በስፒል ከተያዘ ሰው!

የእማዬ የድሮ ደንበኛ ናቸው፣ ጠበቃው። በየስድስት ወሩ ሱሪያቸውን ለማስፋት ይመጣሉ። «ልብሱ ነው የሚጠበው» ይላሉ እንጂ ሆዳቸውን አያነሱም። በርጩማው ላይ አቁማቸው ወገባቸውን በስፒል ከያዘች በኋላ፣ እማዬ ዓይኗን በጨው አጥባ ውሉን እጃቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ዝም ብለው ከሚቆሙ ይቺን ያንብቡልኝ።»

«ሴትዮ፣ በስፒል ታስሬ ላማክር?»

«መንቀሳቀስ ብቻ የለም።»

ሃያ ሦስቱንም ገጽ ቆመው አነበቡት። እማዬ ሁለት ሱሪ እስክትጨርስ። ከዛ በርጩማው ላይ ሆነው ቁልቁል አዩኝ።

«በቃል ምን ምን አሉሽ ልጄ?»

«በወር ስድስት ዲዩቲ ብለውኛል። ዳይሬክተሩ ራሳቸው።»

«የት ተጽፏል?»

«አልተጻፈም፣ ግን ጥሩ ሰው ናቸው።»

«ይሁኑ። ነገ ጡረታ ቢወጡስ?» ገጹን ገልጠው አንቀጽ ሃያ አንድን አሳዩኝ። ከዚህ ውል በፊት በቃል የተባለ ማናቸውም ነገር ዋጋ አይኖረውም ይላል። ሳነበው አልፌው ነበር! «በሽተኛ 'ደህና ነኝ' ስላለሽ ብቻ ሳትመረምሪው ትሸኚዋለሽ?»

«አልሸኝም።»

«እና ይሄንን ምን ሆነሽ ትሸኚዋለሽ?»

ሦስት ነገር ጠይቂ አሉኝ። አንድ፣ ስድስቱ ዲዩቲ ይጻፍ። ሁለት፣ አንቀጽ አሥራ አራት ይጥበብ። ሦስት፣ በውሉ እኔ ስለቅ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ እሰጣለሁ፤ እነሱ ሲያሰናብቱኝ ግን የአንድ ወር ብቻ ነው። ይስተካከል።

«ቢቆጡስ?»

«መጠየቅ ነውር ነው እንዴ? እኔ ሠላሳ ዓመት ስጠይቅ ነው የኖርኩት፣ ይኸው ወፍሬያለሁ!» ብለው ሲስቁ ስፒሉ ወጋቸው። ጩኸታቸው መንገድ ድረስ ተሰማ።

ግንቦት 15

ስልኩን አምስት ጊዜ አነሳሁ። አልደወልኩም። የአራት ቀን ሕፃን እጅ ላይ ደም ሥር ፈልጌ ስወጋ ጣቴ አይንቀጠቀጥም። አንድ ቢሮ መደወል ግን... ምን ነካኝ?

ግንቦት 16

ሄድኩ። መደወሉ ከከበደኝ በአካል ልሂድ ብዬ።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ የመስታወት ቢሮ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። ጠረጴዛቸው ላይ ሦስት እርሳስ፣ ሦስቱም እኩል የተቀረጹ። በመጀመሪያ ሌላ ቅጂ እንዲሰጡኝ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ደግሞ የመጨረሻውን ገጽ ማሳየት። አዩት። «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል...» ከንፈራቸውን ነከሱ። እሰይ፣ ሰው ናቸው አልኩ በልቤ።

ሦስቱን ጥያቄ ሳነሳ ግን ፊታቸው ተዘጋ።

«እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆን አያውቅም፣ ዶክተር።»

«ይገባኛል። ግን...»

«ለዚህ ቦታ ሦስት ሰው ተራ ይጠብቃል። እስከ ሰኞ ያሳውቁን። ወይ ይፈርማሉ፣ ወይ ደግሞ...»

አልጨረሱትም። ባይጨርሱትም ገባኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ልወጣ አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው፦ «ዳይሬክተሩን ማግኘት እችላለሁ?»

እኔ ነኝ ያልኩት? በአንዱ እርሳስ ጻፉልኝ። ሰኞ አራት ሰዓት።

ግንቦት 18

ከእማዬ ጋር ተጣላን። ወይም እኔ ነኝ የተጣላሁት።

መሳቢያዋ ውስጥ መቀስ ስፈልግ ትንሽ ቆርቆሮ ነገር አገኘሁ። ክር ማስገቢያ ነው። ሽቦው ተጣሟል። ሁለተኛ አገኘሁ፣ እሱም ተጣሟል። ሦስተኛም። ለካ እኔ ስሄድ ብቻዋን ትለማመዳለች... ሲያቅታት እየደበቀች። አንጀቴን በላችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መሳቢያዬን ማን ክፈቺ አለሽ?»

«እማዬ!»

«ፈርሚ» አለችኝ። «ለኔ ብለሽ ከሆነ የምትጨቃጨቂው፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ። ጎረቤት ክር ያስገባልኛል። እኔ የምትሸከሚኝ ዕቃ አይደለሁም።»

«ለጎረቤትማ መቼ ነግረሽ!»

ያን ጊዜ ጮህኩባት። ኋላ አፈርኩ። ውጪ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ስመለስ እሷም ሥራ አልያዘችም፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ያን ሳይ ሆድ ባሰኝ።

«ለአንቺ ብቻ አይደለም» አልኳት። «እኔ ራሴ እዚህ መኖር እፈልጋለሁ። ይሄን ሰፈር እወደዋለሁ። ያንንም ሥራ እፈልገዋለሁ። ሁለቱንም ነው የምፈልገው።»

«ታዲያ እንደሱ በያቸዋ! ስለ እናትሽ ዓይን ምን አገባቸው? ልብስ ስለካልሽ ትከሻው ከጠበበሽ እዛው ጠበበኝ ትያለሽ። ሰፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው የምትነግሪኝ?»

ከዛ ሻይ አፈላች። ስኳር አበዛችልኝ። ይቅርታዋ ነው።

ግንቦት 20

ካርታውን ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰውዬ «መሐንዲስ ነሽ?» አለኝ።

ዳይሬክተሩ ሽበታም ናቸው፤ የጋውናቸው ኪስ ሁልጊዜ ለልጆች በሚሰጡት ፊኛ እንደተወጠረ ነው። ኃላፊዋ ከጎናቸው ማስታወሻ ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። መስታወት ፊት ያጠናሁት ንግግር አንድም ቃል አልመጣልኝም። ዝም ብዬ ካርታውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቀጽ አሥራ አራት ነው፣ ዶክተር።»

መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ አሉ። «ክቡ እንዴት ልክ ነው! ማን ነው የሣለው?»

«እናቴ። ልብስ ሰፊ ናት።»

በጣታቸው መንገዶቹን ተከተሉ። ቤታቸውን ፈለጉ፣ ውስጥ ነው። ድሮ የሠሩበትን ሆስፒታል ፈለጉ፣ ውስጥ ነው። «ውጪ ያለው ይሄ ሐይቅ ብቻ ነው እንዴ?»

«አዎ። እናቴ ከተጣላሽ ዓሣ ታክሚያለሽ ብላኛለች።»

ምን እንዳናገረኝ አላውቅም! አለቀልኝ አልኩ። ከዛ ሳቃቸው መጣ። ኃላፊዋም በደብተሩ አፋቸውን ሸፈኑ።

«ቆይ፣ እኔም ይሄንን ፈርሜያለሁ?» አሉ ወደ ኃላፊዋ ዞረው።

«ፈርመዋል፣ ዶክተር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት።»

«አንብቤው ነበር?»

«እሱን እኔ እንዴት አውቃለሁ?»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዛ ከልባቸው ነገሩኝ። ድሮ አንድ ሐኪም ሥራ ለቆ ልክ በሩ ፊት ለፊት ክሊኒክ ከፍቶ፣ ግማሹን በሽተኛ ይዞ ሄዷል። አንቀጹን ያኔ የነበረው ቦርድ ተናዶ ነው ያስጻፈው። ተናዶ ስላስጻፈው ሰፋ።

«በራችሁ ላይ ክሊኒክ እንዳልከፍት ከሆነ እፈርማለሁ» አልኳቸው። «በደስታ ነው የምፈርመው። ከተማዬን ግን አትውሰዱብኝ። እዚህ ነው የተወለድኩት፣ እዚህ ነው ማከም የምፈልገው። እናንተ ጋ መሥራት ነው የምፈልገው። ዲዩቲውም ስድስት ብለውኛል፣ እሱም ይጻፍልኝ።»

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ለቦርዱ አቀርበዋለሁ። ተስፋ አለኝ። ይሆናል ብዬ ግን በቃሌ...»

«በቃልማ ከእንግዲህ አልቀበልም፣ ዶክተር።»

አፌ አመለጠኝ! ስወጣ ግን አንድ ቀይ ፊኛ ሰጡኝ። ምን ማለት ነው? ለሁሉም ይሰጣሉ?

ግንቦት 21

ረጅሙ ደወለ። ወሬው ደርሶታል። «ሴትዮ፣ አስጨረሽን! አሁን ሁላችንንም ነገረኛ ነው የሚሉን» ብሎ አሥር ደቂቃ ተቆጣኝ። ስልኩን ሊዘጋ ሲል ድምፁን ቀንሶ «እ... ያቺን ካርታ ፎቶ አንስተሽ ትልኪልኛለሽ?»

ግንቦት 22

ስልክ የለም። ፊኛው መተንፈስ ጀምሯል።

ግንቦት 23

የለም። ከሦስቱ ተራ ጠባቂዎች አንዱን ጠርተው ይሆናል። እማዬ ምንም አትጠይቀኝም። ዛሬ ለራት የምወደውን ሠራች። እሷም ፈርታለች ማለት ነው። ቢሆንም ባይሆንም ግን ሄጄ ተናግሬያለሁ። ይሄን ማንም አይወስድብኝም... ስጽፈው ቀለል አለኝ።

ግንቦት 24

ሲስተር ከዋርዱ ጫፍ ሆነው ጮኹ፦ «ዶክተርዬ! በሽተኛሽ ለክትትል ተመልሷል!»

ፖስታ ይዘዋል። ቀኑን ቆጠርኩት። ልክ ሁለት ሳምንት!

ልጆቹን ለረዳቴ አስረከብኩ። የነርሶች ክፍል ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ተቀመጥኩ። ከገጽ አንድ። አሁን ሃያ አራት ገጽ ሆኗል። አንቀጽ ዘጠኝ፦ በወር ከስድስት ያልበለጠ። ጣቴን ቃሉ ላይ አድርጌ ቆየሁ። አንቀጽ አሥራ አራት፦ ለስድስት ወር፣ ከሆስፒታሉ በሁለት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ። የማስጠንቀቂያው ጊዜ እንደነበረ ነው፤ የኔ ሦስት ወር፣ የእነሱ አንድ። እሱን እምቢ ብለዋል። ቅር አለኝ። ግን አውቄው ነው የምገባበት... ሳላውቀው አይደለም።

ከኃላፊዋ ትንሽ ወረቀት ተያይዟል፣ በዛ በተቀረጸ እርሳስ፦ «ማሻሻያው ከእንግዲህ ለሁሉም ሐኪሞች እንዲሆን ቦርዱ ወስኗል። የናትዎን ካርታ ዳይሬክተሩ ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል።» ለረጅሙ ፎቶ ላነሳለት ፈልጌ አጥቼው ነበር፤ ለካ እዛው ረስቼው ነው የመጣሁት!

እቤት እንደገባሁ እማዬ ሌላ ካርታ አስመጣችኝ፣ ከጎረቤት። ክሩን ለካች፣ ስፒሉን ተከለች፣ አዞረች። የካፖርት ቁልፍ የምታክል ክብ ወጣች። ቤታችን ከቁልፏ ውጪ ነው። ጤና ጣቢያዎቹ ውጪ። አክስቴ ውጪ።

«ይቺ ትለበሳለች» አለች።

መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጬ ፈረምኩ። ብዕሩን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ። «ሌላ ነገር እንዳትጽፊበት!»

ሐምሌ 2

የመጀመሪያ ቀን። ጋውኑን እማዬ ትከሻው ላይ አጠበበችልኝ፤ ልክክ ብሏል።

የማየው ሁሉ አዲስ ነው። የመድኃኒት ክፍሉ የት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። ረጅሙ በር ላይ ግንባሩን ተመታ፣ እዚህም በሩ ዝቅ ያለ ነው።

አልጋ ሰባት ላይ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አለች፤ ደሟ አንሷል፣ ነገ ደም ሊሰጣት ነው። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የፈቃድ ወረቀቱን ስሰጠው ብዕሩን ቀድሞ አውጥቷል።

«የት ጋ ነው የምፈርመው ዶክተር?»

ሁለት ገጽ ናት። ብዕሩ ወረቀቱን ነክቷል። እጁን አየሁት... ያቺን እጅ አውቃታለሁ።

«ቆይ» አልኩት። ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። «መጀመሪያ አብረን እናንብባት።»

«እርስዎ ካነበቡት ምን ቸገረኝ?»

«ልጅቷ ያንተ ናት።»

ነርሷ በር ላይ መጥታ ራውንድ ሊጀመር ነው፣ ሐኪሞቹ አልጋ በአልጋ ሊዞሩ ነው አለችኝ። አሥር ደቂቃ አልኳት። ሰውዬው መጀመሪያ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «ይሄ ምን ማለት ነው?» አስረዳሁት። ሌላ ጠየቀ። ሌላም። አራተኛውን እኔም አላወቅኩትም፣ ሄጄ የላቦራቶሪውን ሰው ጠይቄ መጣሁ። ከዛ ፈረመ፣ ቀስ ብሎ፣ ሙሉ ስሙን። አሥር ደቂቃው ሃያ ሆነ። ራውንዱ ላይ ዘግይቼ ደረስኩ። ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን አፈጠጡብኝና፣ ምክንያቱን ስነግራቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ለምሳ ስምንት ፌርማታ መጣሁ። እማዬ ፊት አንዲት ደንበኛ ተቀምጣ ነበር፣ የሙሽራ ቀሚስ ልታስለካ የመጣች። ልክ እንደገባሁ እማዬ መርፌ መሰኪያውን ዘረጋችልኝ። ባዶ ነው፣ አሥራ ሁለቱንም ጨርሳለች። «ልጄ፣ ክር አስገቢልኝ፣ ዓይኔ አያይልኝም» አለች። ሰው ፊት! ደንበኛዋ ምንም አልመሰላትም። ተቀምጬ ማስገባት ጀመርኩ።

ደንበኛዋ ስትወጣ እማዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካከለች።

«ቅዳሜ ዕረፍት ነሽ?»

«ዕረፍት ነኝ።»

«ዓይን ሐኪም ጋ ትወስጂኛለሽ።» ወደ መኪናዋ ዞረች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፦ «ወረቀት ያስፈርሙኛል አይደል?»

«ያስፈርሙሻል።»

«እንግዲያው በጠዋት እንሄዳለን። ሁሉንም ታነቢልኛለሽ።»